ሸንጎ የሚባል ሰው

ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤ ቁልፍ ቀራጩ ጓንጉል ማሽኑን አጥፍቶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፣ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ትርንጎ የክኒን ብልቃጥ ጨብጣ በሩ ላይ ተገትራበታለች፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ውጭ ይዘንባል።

ትርንጎ፦ አልወጣም አልኩህ! ከፈለግህ እላዬ ላይ ቆልፍ፤ ቁልፍ እንደሆነ አይቸግርህ።

ጓንጉል፦ እትዬ ትርንጎ፣ ሰው ያየናል። ከበሩ ዞር በይ፣ ደንበኛ አታባርሪብኝ።

ትርንጎ፦ በዚህ ዝናብ የምን ደንበኛ ነው? ጥያቄዬን መልስልኝ። ሸንጎ አንተ ነህ አይደለህም?

ጓንጉል፦ የምን ሸንጎ? እኔ ቁልፍ ነው የምቀርጸው።

ትርንጎ፦ ድምፅህ ስልኬ ላይ ነውኮ! ላሰማህ? ይኸው፣ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ «ነገሩን ከሥሩ አይቼዋለሁ» ትላለህ፣ ከኋላህ ይሄ ማሽንህ ያፏጫል። ኮምቦልቻ ውስጥ እንደዚህ የሚያፏጭ ማሽን ያለው ማነው?

ጓንጉል፦ ዝቅ አድርጊው! ዝቅ አድርጊው አልኩሽ!

ትርንጎ፦ ነህ አይደለህም?

ጓንጉል፦ ብሆንስ? ለማን ተናገርሽ? ለባልሽ ነግረሻል?

ትርንጎ፦ ለማንም አልተናገርኩም። አቤቱታ ይዤ ነው የመጣሁት።

ጓንጉል፦ አቤቱታ ሱቅ ድረስ አይመጣም። እዚያው ቴሌግራም ላይ፣ ጓዳ የሚባለው ገበያችን ውስጥ ይጻፋል። ጓዳ እኮ የቆመው ሰው ለሰው ባለመተዋወቁ ነው። ገዢ ሻጩን አያውቅ፣ ሻጭ ገዢውን አያውቅ፣ ሁለቱም እኔን አያውቁ። ገንዘቡ እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ገዢው «ደረሰኝ» ሲል እለቀዋለሁ፤ ሲጣሉ እፈርዳለሁ። አንቺ ደግሞ በር ጥሰሽ ትገቢያለሽ።

ትርንጎ፦ ጻፍኩልህኮ። «ብርቱካን» እኔ ነኝ።

ጓንጉል፦ አንቺ ነሽ? ያቺ ስትጨቀጭቀኝ የሰነበተችው?

ትርንጎ፦ አንተም በአንድ መስመር «ደረሰኝ ብለሻል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» ብለህ ዘጋኸኝ።

ጓንጉል፦ ብለሻላ! ገዢ «ደረሰኝ» ካለ በኋላ ነገር አይነሳም። ያን ደንብ ባላወጣ ኖሮ ሁሉም መድኃኒቱን ውጦ ሲያበቃ አልደረሰኝም ይለኝ ነበር። የሰውን ተንኮል አታውቂውም።

ትርንጎ፦ የአውቶብሱ ረዳት «ደረሰኝ ብለሽ ካልጻፍሽ ካርቶኑን አልለቅም» አለኝ። ጥሩንባው ይጮሃል፣ ሰው ይጋፋል፣ እሱ እላዬ ላይ ቆሞ ስልኬን ያያል። ከፍቼ የማይበት ጊዜ የት አለ?

ጓንጉል፦ ረዳቱ ደንብ ነው ያከበረው።

ትርንጎ፦ ደንብህን ይዘህ ግባ! እንካ። በጥፍርህ ጫነው።

ጓንጉል፦ ምንድነው?

ትርንጎ፦ ጫነው አልኩህ።

ጓንጉል፦ ተፈረከሰ።

ትርንጎ፦ ጠመኔ ነው። አበጋዝ ዕድሜውን ሙሉ በጠመኔ ሲጽፍ ኖሮ፣ ይኸው አሁን ጠመኔ ይውጣል።

ጓንጉል፦ ለባልሽ ነው እንዴ የምትገዢው?

ትርንጎ፦ ለማን መስሎህ ነበር? ሰውነቱ የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይጠላው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ነው። ሐኪም ቤት አልቋል ይሉኛል፣ ፋርማሲው ሁሉ የለም ነው። ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው።

ጓንጉል፦ እና መምህሩ አሁን እንዴት ናቸው?

ትርንጎ፦ በዚህ አትቀልድብኝ። ፊቱ አብጧል። እግሩ ነጠላ ጫማ እንኳ አልገባ ብሏል። ሽንቱ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱን አቋርጧል ወይ?» ሲለኝ ምን ልበለው? በሰዓቱ፣ በገዛ እጄ፣ ውሃ እየደገፍኩ የማጎርሰው እኔ ነኝ!

ጓንጉል፦ እኔ ምን አውቄ።

ትርንጎ፦ ያ ኩላሊት የኔ ነው ጓንጉል። ህንድ ድረስ ሄጄ፣ ጎኔን ተቀድጄ የሰጠሁት። የኔው ሥጋ ነው እዚያ ውስጥ እየሞተ ያለው።

ጓንጉል፦ እኔን ማን ጠየቀኝ? «ና ጓንጉል፣ ደምህን ተመርመር» ያለኝ አለ? ከአንድ ሆድ ወጥተን፣ ህንድ መሄዳችሁን የሰማሁት ከጫማ ጠጋኝ ነው። ጫማ ጠጋኙ «ወንድምህ ተሻለው ወይ?» ሲለኝ፣ ከምኑ እንደሆነ አላውቅም!

ትርንጎ፦ እኔ እንጠይቀው ብዬ ነበር።

ጓንጉል፦ እሱስ?

ትርንጎ፦ ይቅርብህ።

ጓንጉል፦ እሱስ ምን አለ?

ትርንጎ፦ «ከሱ ከምለምን ብሞት ይሻለኛል» አለ። ምን አፈጠጥክብኝ? ላባብልህ አልመጣሁም።

ጓንጉል፦ ዛሬስ? ዛሬ ሲጨንቃቸው ላኩሽ?

ትርንጎ፦ መምጣቴን አያውቅም። ቢያውቅ በዚያ እግሩም ቢሆን ተነስቶ በሩ ላይ ይተኛብኝ ነበር።

ጓንጉል፦ እሱ ነው። አልተለወጠም ማለት ነው።

ትርንጎ፦ አንተስ ተለውጠሃል?

ጓንጉል፦ ክኒኑን የሸጠልሽ ማነው? ንጋት የሚባለው ነው?

ትርንጎ፦ እሱ ነው።

ጓንጉል፦ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ አወጣዋለሁ፤ ከእንግዲህ ጓዳ ውስጥ ዱቄት አይሸጥም።

ትርንጎ፦ ነገ «ምሽት» ተብሎ ሊመለስ? እሱን ብታባርረው የአበጋዝ እብጠት ይጎድላል? የማይጨበጥ ሰው ቀጥተህ ልታስደስተኝ ነው?

ጓንጉል፦ እና ምን ላድርግልሽ? ዳኛ ነኝ እንጂ መድኃኒት አልሠራ!

ትርንጎ፦ ቀድሞ የምገዛው ከዶፍ ነበር። አንድ ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም። መንገድ የተዘጋ ጊዜ እንኳ በፍየል ነጋዴ አስይዞ አድርሶልኛል። ብልቃጡ ላይ በእጁ «ከምግብ በፊት» ብሎ ይጽፍበታል። ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ «ታማሚው እንዴት አደረ?» ይለኛል። የት ገባ ዶፍ?

ጓንጉል፦ ወጣ።

ትርንጎ፦ ወጣ ወይስ ተባረረ?

ጓንጉል፦ ተባረረ።

ትርንጎ፦ ማን አባረረው?

ጓንጉል፦ ጓዳ።

ትርንጎ፦ ጓዳ አፍ የለውም። ማን ነው ያባረረው?

ጓንጉል፦ ሸንጎ።

ትርንጎ፦ ሸንጎ ማነው?

ጓንጉል፦ እኔ ነኝ! እኔው ነኝ! ይኸው፣ ደስ አለሽ?

ትርንጎ፦ ምን አጥፍቶ?

ጓንጉል፦ አንዲት ገዢ ካርቶኑ ተቀዶ፣ ግማሹ ጎድሎ ደረሰኝ ብላ ከሰሰችው። እሱ «ሞልቼ ነው የላክሁት፣ ረዳቱን ጠይቁት» አለ።

ትርንጎ፦ ጠየቅኸው?

ጓንጉል፦ ነገሩ ግልጽ ነበር።

ትርንጎ፦ ዕቃ ያመጣው ረዳት ሳይጠየቅ አይፈረድም የሚለው የማን ደንብ ነው? ያንተ አይደለም? አቀርቅረህ ቁልፍ አትቁጠርብኝ፣ እኔን እየኝ። ጠየቅኸው?

ጓንጉል፦ አልጠየቅኩትም።

ትርንጎ፦ ለምን?

ጓንጉል፦ ሰደበኛ!

ትርንጎ፦ ምን ብሎ?

ጓንጉል፦ ነገሩን ገና እያየሁ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እያነበበ፣ «ለመሆኑ ይሄ ዳኛችን ስንተኛ ክፍል ነው የጨረሰው?» አለ። ከዚያማ የሳቅ ፊት ተደረደረ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ይከተላል፣ እንባ እስኪወጣው የሚስቅ ፊት፣ የሚንከባለል ፊት። እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሲወርድ አየሁት። የፈረድኩላቸው ሰዎች፣ ገንዘባቸውን ያስመለስኩላቸው ሰዎች ናቸው የሚስቁት!

ትርንጎ፦ እና አባረርከው።

ጓንጉል፦ በካርቶኑ ነው ያባረርኩት።

ትርንጎ፦ በሳቁ ነው። ረዳቱንስ፣ በኋላም አላገኘኸውም? በዚህ በር የማያልፍ ረዳት የለም።

ጓንጉል፦ አንድ ቀን መጣ። የዕቃ መጫኛውን ቁልፍ ሊያስቀርጽ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ እንዲሁ ሲያወራ፣ ኬላ ላይ ካርቶን ቀደው ግማሹን እንደወሰዱበት ነገረኝ። ያው ካርቶን ነው።

ትርንጎ፦ አንተስ?

ጓንጉል፦ ቁልፉን ቀርጬ ሰጠሁት።

ትርንጎ፦ በቃ?

ጓንጉል፦ ምን ልበል? ሸንጎ ተሳሳተ ልበል? ሰው ሸንጎን የሚያምነው እንደማይሳሳት ስለሚያውቅ ነው። አንዴ ተሳሳትኩ ካልኩ የድሮ ፍርዴ ሁሉ ይነሳብኛል።

ትርንጎ፦ አንተ ዝም ስትል ንጋት ባዶ ገበያ አገኘ። ዶፍ ቢኖር ከንጋት ማን ይገዛ ነበር?

ጓንጉል፦ ለባልሽ መሆኑን አላወቅኩማ።

ትርንጎ፦ ለሌላ ሰው ባል ቢሆንስ?

ጓንጉል፦ አትፍረጂብኝ! አንቺም እሱም ልትፈርዱብኝ አትችሉም። የዱቄት ፋብሪካው የመጋዘን ሠራተኛ ሲፈልግ ፈተናውን አልፌ ነበር። ሰማሽ? እኔ ጓንጉል፣ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት፣ አልፌ! አንድ ዋስ ብቻ አምጣ ተባልኩ፤ ደሞዝ የሚበላ ሰው ይፈርምልህና ሰኞ ግባ ተባልኩ። መምህር አበጋዝ ቤት ሄድኩ። አንቺ ነሽ በሩን የከፈትሽልኝ።

ትርንጎ፦ አስታውሳለሁ።

ጓንጉል፦ እንግዶች ነበሩ። አስተማሪዎች። በእነሱ ፊት «ለአንተ ፈርሜ ሌባ ልባል?» አለኝ። ምን ሰርቄበት አውቃለሁ? ንገሪኝ እስቲ፣ የእናታችንን ቆሎ እንኳ ሳልጠይቅ ዘግኜ አላውቅም። እንግዶቹ ሳቁ። ያኔም ሳቅ ነበር። ያን መጋዘን ሌላ ሰው ገባበት፤ ዛሬ ቤት ሠርቷል። እኔ ይኸው የሰው በር መክፈቻ ስፍቅ ጸጉሬ ሸበተ።

ትርንጎ፦ ጨረስክ?

ጓንጉል፦ አልጨረስኩም!

ትርንጎ፦ እንግዲያው ልፍረድልህ። እኔም ቤት ነበርኩ፣ ምስክር ነኝ። አበጋዝ ጥፋተኛ ነው። መፈረም ነበረበት። ባይፈርም እንኳ ሰው ፊት ሊያዋርድህ አይገባውም ነበር። እኔም ሻይ ይዤ ቆሜ ሰምቼ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። ይኸው ተፈረደልህ። የጠየቅኸው ይሄን አይደል? አሁን የዶፍን ፍረድ።

ጓንጉል፦ እንዲህ በቀላሉ?

ትርንጎ፦ እኔ ጊዜ የለኝም ጓንጉል! ቂምህን ቁጭ ብለህ ታሽሞነሙነዋለህ፣ እኔ ቤት ሰው እየሞተብኝ ነው። የዶፍ አድራሻ አለህ?

ጓንጉል፦ አለኝ።

ትርንጎ፦ ጻፍለት። አሁን።

ጓንጉል፦ ምን ብዬ?

ትርንጎ፦ መድኃኒቱ አለህ ወይ በለው። ሰው ሊሞት ነው በለው።

ጓንጉል፦ ላክሁት። አያየውም ይሆናል፤ ካባረርኩት ወዲህ ዘግቶኝ ይሆናል።

ትርንጎ፦ ምን ይላል?

ጓንጉል፦ አይቶታል። እየጻፈ ነው። ቆመ።

ትርንጎ፦ ምነው ቆመ?

ጓንጉል፦ እኔ ምን አውቃለሁ! እንደገና እየጻፈ ነው። ይኸው፦ «ሸንጎ ለኔ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

ትርንጎ፦ ሙግት አትግጠም። አለህ ወይ በለው።

ጓንጉል፦ ብየዋለሁ። «አለኝ። ደሴ ነኝ። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይነሳ መጫን እችላለሁ» ይላል።

ትርንጎ፦ ተመስገን! ደሴ ነው እንዴ? እዚሁ ደሴ! ጻፍለት፣ ይጫነው፣ እኔ መናኸሪያው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ጓንጉል፦ ቆይ። ገና እየጻፈ ነው።

ትርንጎ፦ ምን አለ? ምነው ፊትህ ጠቆረ? ጮክ ብለህ አንብብልኝ።

ጓንጉል፦ «ከጓዳ ባወጣኸኝ በዚያው ድምፅ መልሰኝ። በሐሰት ፈረድኩበት በል። በስምህ በል። ሸንጎ የሚባል ሰው የለም፤ ከሌለ ሰው ይቅርታ አልቀበልም።»

ትርንጎ፦ ይኸው ነው?

ጓንጉል፦ ይኸው ነው ትላለች! በስምህ እያለ እኮ ነው! ጓዳ ውስጥ ስም ጠርቶ የሚያውቅ የለም። ስንት ሺህ ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ? ከመሃላቸው ፖሊስ የለበትም ብለሽ ነው? ነገ ጠዋት እዚህ በር ላይ መኪና ይቆማል። የኮንትሮባንድ መድኃኒት አሻሻጭ ተብዬ ስታሰር ስንቅ የምታመላልሺልኝ አንቺ ነሽ?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ።

ጓንጉል፦ አትቀልጂ።

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ አልኩህ። በየቀኑ። አበጋዝ ቢቆጣም።

ጓንጉል፦ ቆይ፣ ሌላ ልጻፍለት። በጽሑፍ ልመልስህ፣ ስም ይቅር፣ ከፈለግህ ካሣ ልጨምር ልበለው።

ትርንጎ፦ ፍጠን።

ጓንጉል፦ መለሰ። «ዶፍ እናቴ ያወጣችልኝ ስም አይደለም። እሱም የፈጠራ ስም ነው። ግን ሰው ሳያየኝ የሚያምነው ስም ነበር፤ ለፍቼ ያቆምኩት። አንተ በአንድ ቀን አፈር አደረግህብኝ። አሁን ደግሞ ያንተን አውጣ። መኪናው እየሞላ ነው።»

ትርንጎ፦ እውነቱን ነው።

ጓንጉል፦ እውነቱን ነው? ለሱም ፈረድሽለት?

ትርንጎ፦ ስልኩን ስጠኝና እኔ ልለምነው።

ጓንጉል፦ አንቺን ምን ያደርግልሻል? የሚፈልገው እኔን ነው። ዝቅ ብዬ ማየት ነው የሚፈልገው። ሁላችሁም የምትፈልጉት ይሄንኑ ነው።

ትርንጎ፦ ጓንጉልዬ። እግርህ ላይ ልውደቅ? ይኸው፣ ወደቅኩ።

ጓንጉል፦ ተነሽ! ተነሽ እትዬ፣ የብረት ብናኝ ነው፣ ጉልበትሽን ይቆርጥሻል። ተነሽ አልኩ! አይገባሽም? ከዚህ በር ውጭ ስሜ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «አንተ ቁልፍ!» ነው። በፉጨት ነው የሚጠሩኝ። ጓዳ ውስጥ ግን ዶክተሩም፣ ነጋዴው፣ መኪና ያለውም «ሸንጎ ሆይ፣ እባክዎ» ብሎ ይጽፍልኛል። እርስዎ ይሉኛል! ያቺ አንዷ ነገር ናት ያለችኝ። እሷን ነው ስጥ የምትሉኝ።

ትርንጎ፦ አዎ። እሷን ነው።

ጓንጉል፦ ይሄው ስልክሽ ይጮሃል።

ትርንጎ፦ ሃሎ? … አቤት … መቼ? … ቀና አድርገሽ አስደግፊው፣ አታስተኚው … እሺ … መጣሁ በይው። ሃሎ? ሃሎ!

ጓንጉል፦ ምንድነው?

ትርንጎ፦ ጎረቤቴ ናት። ትንፋሽ አጠረው። ውሃው ወደ ደረቱ ወጣ መሰለኝ። ሐኪም ቤት ሊወስዱት መኪና እየፈለጉ ነው።

ጓንጉል፦ ሐኪም ቤት ከወሰዱትማ…

ትርንጎ፦ ሐኪም ቤቱ ምን ይሰጠዋል? ውሃውን ይቀዱለታል፤ መድኃኒቱን ግን አምጪ ይሉኛል። ከየት ላምጣ? ከየት ላምጣ ጓንጉል?

ጓንጉል፦ አትጩሂ። ድምፄን እየቀዳሁ ነው። «የጓዳ ሰዎች፣ ሸንጎ ነኝ…»

ትርንጎ፦ ቀጥል።

ጓንጉል፦ ሰረዝኩት።

ትርንጎ፦ ምን አደረግህ?

ጓንጉል፦ አልወጣልኝ አለ። ሰው ላይ ስፈርድ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው።

ትርንጎ፦ ዶፍ ምን አለ?

ጓንጉል፦ «ሚኒባሱ ሞተር አስነስቷል።» ይሄን ብቻ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው እኔ ልሂድ። ቢያንስ ሳይሞት ልድረስበት።

ጓንጉል፦ ቆይ።

ትርንጎ፦ ምን ልቆይ? ዳኛው አልፈርድም ካለ ባለጉዳይ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። በሩን ለቅቄልሃለሁ፤ ደንበኛህ ይግባ።

ጓንጉል፦ ቆይ አልኩሽ እትዬ ትርንጎ! ወደ መናኸሪያው ሂጂና የደሴ መኪና የሚቆምበት ጋ ቁሚ።

ትርንጎ፦ ባዶ እጄን ልቆም?

ጓንጉል፦ ዝም በይ፣ እየቀዳ ነው። «የጓዳ ሰዎች። በዶፍ ላይ የፈረድኩት ፍርድ ሐሰት ነው። ምስክር አልጠየቅኩም፤ በቂም ነው የፈረድኩት። ካርቶኑን የቀደደው እሱ አለመሆኑን ካወቅኩ በኋላም ዝም ብያለሁ። ስሜ ጓንጉል ይማም ነው፣ ኮምቦልቻ ቁልፍ እቀርጻለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ዶፍ፣ መኪናው ሳይሄድብህ ጫንልኝ፤ የታመመው ወንድሜ ነው።» ላክሁት።